የፖስታ ቤት ተላላኪ ልጆች ዕጣ፦ በ14 ዓመት መቀጠር፣ በ16 ዓመት መሰናበት

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በለንደን፣ በሊድስ ወይም በማንችስተር የሚኖር አንድ ወዛደር፣ ልጁ 14 ዓመት ሞልቶት ለፖስታ ቤት ተላላኪነት ሲመረጥለት የልጁ የወደፊት ኑሮ መልክ ያዘ ብሎ ያምን ነበር። ልጁ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ወገቡ ላይ የቆዳ ቀበቶና ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይታጠቃል፤ ቁጥር የተጻፈበት የናስ ምልክት ያደርጋል፤ ደመወዙም ሳይቋረጥ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጣሪው መንግሥት ነው። መንግሥት ቤት የገባ ሰው ካላጠፋ በቀር አይወጣም፣ ሲያረጅም ጡረታ ይጠብቀዋል የሚለው እምነት እኛ አገር ብቻ የተወለደ አይደለም፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝም ጽኑ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ልጆች እጅግ ብዙዎቹ 16 ዓመት ሲሞላቸው፣ ምንም ጥፋት ሳይገኝባቸው፣ የደንብ ልብሳቸውን መልሰው ይሰናበቱ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ለምን እንደዚያ ይሆን እንደነበረ ነው። መልሱን በልጆቹ ስንፍና ወይም በአለቆቹ ክፋት ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ መልሱ ያለው በቁጥር ውስጥ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ይታወቁ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። "ቴሌግራም" የሚለው ቃልም ዛሬ ለብዙ አንባቢ የስልክ መተግበሪያ ስም ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቴሌግራም ማለት በሽቦ ተላልፎ፣ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በሰው እጅ ለባለቤቱ የሚደርስ አጭር መልእክት ማለት ነው።

"በሰው እጅ" የሚለውን ሐረግ አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚያ ላይ ነውና። የቴሌግራፍ ሽቦ መልእክቱን ከለንደን ወደ ኤድንብራ በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሰዋል፤ ነገር ግን የሚያደርሰው እስከ ቴሌግራፍ ቤቱ ጠረጴዛ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ እስከ ነጋዴው ሱቅ ወይም እስከ ባልቴቷ ደጃፍ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ምንም ማሽን አልነበረም። ላኪው ገንዘብ የከፈለው ለፍጥነት ነውና መልእክቱ እንደ ደብዳቤ የፖስተኛውን ቀጣይ ዙር ሊጠብቅ አይችልም፤ በደረሰበት ቅጽበት ይዞት የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ አንድን ጎልማሳ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆነን ሰው፣ በሙሉ ደመወዝ ቀጥሮ አግዳሚ ወንበር ላይ እያስጠበቁ ማኖር ውድ ነበር። ልጅ ግን በትንሽ ክፍያ ይቀጠራል፣ እግሩም ፈጣን ነው። ሽቦ የተዘረጋባቸው ብዙ አገሮች ልጆችን ለዚህ ሥራ ያሰለፉት ከዚህ ስሌት ተነሥተው ነው።

በእንግሊዝ ቴሌግራፍ መጀመሪያ የግል ኩባንያዎች ሥራ ነበር። ፓርላማው በ1868 ባወጣው ሕግ መሠረት የፖስታ መሥሪያ ቤቱ በ1870 ኩባንያዎቹን ጠቅልሎ ሲይዝ ተላላኪ ልጆቻቸውንም አብሮ ወረሰ። ዋጋውም በአገሪቱ በሙሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ፤ ሃያ ቃል በ1 ሺሊንግ። ከዚያም ከጥቅምት 1 ቀን 1885 ጀምሮ ዋጋው ወደ 6 ፔኒ፣ ማለትም በግማሽ፣ ወረደ፤ በዚህ ዋጋ አድራሻን ጨምሮ 12 ቃል መላክ ይቻል ነበር። ሕዝቡ ቴሌግራምን የሞትና የንግድ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየቱን ትቶ "ነገ በ10 ሰዓት ባቡር እመጣለሁ" ለማለትም ይጠቀምበት ጀመር። በዓመት 33 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቴሌግራም ብዛት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ደረሰ። እያንዳንዱ ቴሌግራም ደግሞ መጨረሻው ላይ የአንድ ልጅ እግር ይፈልጋል። ስለዚህ የዋጋው መውረድ ለላኪው ርካሽ መልእክት ሲሆን ለፖስታ ቤቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ተጨማሪ ልጆችን መቅጠር ማለት ነበር።

የአንድ ልጅ የሥራ ቀን ምን ይመስል እንደነበረ ቀረብ ብለን ብናየው ኋላ የሚመጣው ችግር ግልጽ ይሆናል። ልጆቹ ጠዋት ሥራ ሲገቡ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ቁልፎቹ ተወልውለዋል ወይ፣ ጫማው ተቀብቷል ወይ፣ እጅና ፊቱ ታጥቧል ወይ ተብሎ ይመረመራል። ከዚያ በተርታ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መልእክት ሲመጣ ተረኛው ይጠራል፤ የታሸገውን ፖስታ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ይከትና ይወጣል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ አንኳኩቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን ወዲያው አይመለስም። ተቀባዩ ከፍቶ እስኪያነብ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ መልስ መላክ ከፈለገ ልጁ መልሱን ይዞ ይመለሳልና። ያቺ የመጠበቂያ ጊዜ ለ14 ዓመት ልጅ ቀላል አልነበረችም። የልደት ብሥራትም የሞት መርዶም ሲነበብ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው እርሱ ነው፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን ግን አስቀድሞ አያውቅም። "መልስ የለም" ሲባል ወደ ቢሮው ተመልሶ በወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ብስክሌት የመጣው ኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሥራው በሙሉ የእግር ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ምን ተማረ? ሰዓት ማክበር፣ ንጽሕና፣ የሰውን ምስጢር መጠበቅ፣ የከተማውን መንገድ ሁሉ ማወቅ፤ እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፣ አላቃልላቸውም። ነገር ግን በ16 ዓመቱ ሌላ ቀጣሪ ፊት ሲቆም "ምን መሥራት ትችላለህ?" ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አይሆኑለትም። በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ሰፈር፣ በአናጢ ወይም በብረት ሠራተኛ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ የገባው ጓደኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ከእርሱ ያነሰ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ሙያውን ለመልመድ የሚከፍሉት ወላጆቹ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ግን ተለማማጁ መጋዝ ይይዛል፣ ብረት ያቀልጣል፤ ተላላኪው አሁንም የሚያውቀው መሮጥ ነው። በዚያ ላይ ሙያ አስተማሪዎቹ ተለማማጅ የሚቀበሉት ከትምህርት ቤት እንደወጣ፣ በ14 ዓመቱ ገደማ ስለነበር፣ በ16 ዓመቱ የሚመጣው "ዘገየህ" ይባላል። ወላጆች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቤት ውስጥ አምስት ስድስት አፍ እየጠበቀ፣ ዛሬ ሺሊንጎች የሚያመጣውን ሥራ ትቶ ከዓመታት በኋላ ለሚገኝ ሙያ መጾም ለድሃ ቤተሰብ የማይቻል ነበር። የመንግሥት ቤት ስም ሲጨመርበት ደግሞ ምርጫው ከመጀመሪያውም ያለቀ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የምሰጠው ምሳሌ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የታሰበ እንጂ የአንድ የታወቀ ቢሮ መዝገብ አይደለም። 20 ተላላኪ ልጆችና 60 ፖስተኞች ያሉት አንድ የከተማ ፖስታ ቤት እናስብ። ልጆቹ በ14 ዓመታቸው ገብተው በ16 ዓመታቸው ከተላላኪነት የሚያልፉ ከሆነ፣ በየዓመቱ 10 ልጆች "ከዚህ በኋላስ?" የሚለው ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ። ፖስተኛ ግን አንዴ ከተቀጠረ በአማካይ 30 ዓመት ይሠራል እንበል፤ ሥራው ቋሚ፣ ጡረታ ያለው ነውና በቀላሉ የሚለቀው የለም። 60 ሰው ለ30 ሲካፈል በዓመት የሚከፈተው የሥራ መደብ 2 ብቻ ነው። ዐሥሩም ልጆች ጨዋ፣ ዐሥሩም ትጉ፣ ዐሥሩም ፈተናውን በአንደኛነት የሚያልፉ ቢሆኑ እንኳ ስምንቱ ቦታ አያገኙም። አንድ ልጅ ይበልጥ በርትቶ ቢያልፍ ሌላውን አስወጥቶ ነው እንጂ ሦስተኛ መደብ ፈጥሮ አይደለም። በልጅነት ሥራና በጎልማሳ ሥራ መካከል ያለው መሰላል ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነበር፤ በዚያም ላይ የልጅነቱ ጊዜ አጭር፣ የጎልማሳው ጊዜ ረጅም መሆኑ ልዩነቱን ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ፖስታ መሥሪያ ቤቱ ቴሌግራፉን በተረከበበት በዚያው በ1870 የእንግሊዝ ጦር የአገልግሎት ሕጉን ቀየረ። ከዚያ በፊት ወታደር ለረጅም ዘመን የሚቀጠር፣ ሽበት ይዞ የሚሰናበት ሰው ነበር። በአዲሱ ሕግ የአገልግሎት ውሉ 12 ዓመት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ዓመት ያህሉን በጦር ክፍሉ ውስጥ ካገለገለ በኋላ ቀሪውን በተጠባባቂነት እቤቱ ሆኖ ይጨርሳል። ዓላማው ብዙ የሠለጠነ ተጠባባቂ ኃይል ማግኘት ነበር፤ ውጤቱ ግን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የ25 እና የ26 ዓመት ወጣቶች፣ ከጠመንጃ በቀር የእጅ ሙያ ሳይኖራቸው፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ መመለሳቸው ሆነ። መንገድ ላይ የሚለምን የቀድሞ ወታደር ለአዲስ ምልመላ መጥፎ ማስታወቂያ ነው። የጦር ሚኒስቴሩም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተሰናባች ወታደሮች ቦታ እንዲሰጡ ግፊት አደረገ። ከሁሉም መሥሪያ ቤቶች ይበልጥ ሰፊው የፖስታው ነበር፤ ሥራውም መራመድ፣ ሰዓት ማክበርና የደንብ ልብስ መልበስ ስለሆነ ለወታደር የተመቸ መሰለ። በ1890ዎቹ ውስጥ ከፖስተኛነት ክፍት የሥራ መደቦች ግማሽ ያህሉ ለቀድሞ ወታደሮችና ባሕረኞች ተጠብቆ እንዲያዝ ተወሰነ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ፤ ለዐሥር ልጆች የነበሩት ሁለት ቦታዎች ወደ አንድ ወረዱ ማለት ነው። ወታደሩ ሥራ ማግኘቱ ተገቢ ነበር፤ ይህን አልከራከርም። ነገር ግን የአንዱ ወጣት ሥራ አጥነት የተቃለለው ሌላውን፣ ከእርሱ በዐሥር ዓመት የሚያንሰውን፣ ሥራ አጥ በማድረግ ነው። ለልጁ የቀረበለት ማካካሻም ነገሩን ክብ አደረገው፦ ወደ ጦሩ ገብተህ አገልግለህ በመልካም ጠባይ ከተመለስህ የፖስታ ቤት ቦታ ይሰጥሃል። ስለዚህ በ14 ዓመቱ የገባበትን መሥሪያ ቤት በር እንደገና ለማንኳኳት ሕንድ ወይም ደቡብ አፍሪካ ደርሶ መመለስ ሊኖርበት ነው። በእርግጥ ሌሎች ቀዳዳዎችም ነበሩ። ጥቂት ጎበዝ ልጆች በውድድር ፈተና ደብዳቤ የመለየት ሥራ ያገኛሉ፤ ሌሎች ደግሞ ራሱን የቴሌግራፍ ማሽኑን መሥራት ይማሩና ከወንበሩ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ይሻገራሉ። ብዙኃኑ ግን በሳምንቱ መጨረሻ የደንብ ልብሱን አስረክቦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ተሸካሚ፣ የሱቅ አሽከር፣ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። የዘመኑ ሰዎች ይህን ዓይነት ሥራ ጫፉ የተዘጋ ጎዳና ይሉት ነበር፤ አስፋልቱ ያማረ ቢሆንም መጨረሻው ግድግዳ ነውና።

ታዲያ ስለ ተላላኪ ልጆች ሲወራ ወዲያው የሚጠቀሱት ባለጸጎች ከየት መጡ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከሁሉም የታወቀው ኋላ የብረት ባለጸጋ የሆነው አንድሩ ካርኔጊ ነው። ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ቤተሰቡ በፒትስበርግ አጠገብ ሲሰፍር እርሱ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈለው ይሠራ ነበር። በ14 ዓመቱ ገደማ በፒትስበርግ ቴሌግራፍ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲገባ ክፍያው ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከፍ አለ። መጀመሪያ የፈራው የከተማውን ነጋዴዎች አድራሻ አለማወቁን ስለነበር፣ በየመንገዱ ያሉትን የንግድ ቤቶች ስም በቅደም ተከተል በቃሉ አጠና፤ ቀጥሎም የባለቤቶቹን ፊት አጠና፣ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው መልእክቱን እዚያው ሰጥቶ ጉዞውን ለማሳጠር። ከተወሰነው ክልል ውጭ ለሚደርስ መልእክት ተጨማሪ 10 ሳንቲም ይከፈል ስለነበር ልጆቹ በዚያ ይጣሉ ነበር፤ ካርኔጊ ገንዘቡ በአንድ ላይ ተጠራቅሞ በሳምንቱ መጨረሻ እኩል እንዲካፈል ሐሳብ አቀረበና ገንዘብ ያዡ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቢሮውን ለመጥረግ ቀድሞ ሲገባ ማሽኑን መነካካት ጀመረ፤ ኋላም መልእክቱን ወረቀት ላይ ከታተመው ምልክት ሳይሆን ከማሽኑ ድምፅ በጆሮው መቀበል ቻለ፤ ይህን የሚችል ያኔ ጥቂት ሰው ነበር። በ1853 የፔንሲልቫንያ ባቡር ኩባንያ የአካባቢ ኀላፊ በወር 35 ዶላር ቀጠረው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የባቡርና የብረት ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት ትምህርት "ብርቱ ልጅ ይደርሳል" የሚል ነው። እኔ ግን አንድ ሌላ ነገር አጠገቡ እንዲነበብ እፈልጋለሁ። በዚያው ቢሮ ከካርኔጊ ጋር ከሚላላኩት ልጆች መካከል ሮበርት ፒትኬርን ኋላ የዚያው የባቡር ኩባንያ ከፍተኛ ኀላፊ ሆነ፤ ሄንሪ ኦሊቨር የብረት ኢንዱስትሪ ባለቤት ሆነ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጥቂት ልጆች በአንድ ላይ እንዲህ ከፍ ያሉት ሁሉም በተአምር ብሩህ አእምሮ ስላላቸው ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። በ1850 ገደማ በፒትስበርግ ቴሌግራፍ ገና ጥቂት ዓመት የሞላው ነበር፤ ቢሮው ትንሽ፣ ልጆቹ በጣት የሚቆጠሩ፤ ሽቦው ግን በየወሩ ወደ አዲስ ከተማ ይዘረጋል፤ የባቡር ሐዲዱም አብሮት ይሮጣል። ማሽኑን የሚሠራ ሰው በየቦታው ይፈለግ ነበር፤ ከተላላኪዎቹ ይልቅ ለማሽኑ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ አልነበረም። በምሳሌያችን ቋንቋ፣ እዚያ ልጆቹ አምስት፣ የሚከፈተው ቦታ ደግሞ ሰባት ነበር እንደ ማለት ነው። ካርኔጊ በ1850 በፒትስበርግ ያደረገውን ሁሉ አንድ ብርቱ ልጅ በ1900 በሊድስ ቢያደርግ በ16 ዓመቱ የምስክር ወረቀትና የአለቃው ምስጋና ይዞ ሊሰናበት ይችላል። ዴቪድ ሳርኖፍም ይህንኑ ያሳያል፤ በ1906 በኒው ዮርክ በኬብል ኩባንያ ተላላኪነት የጀመረ ስደተኛ ልጅ ሲሆን፣ ዕድሉ የተከፈተው በዚያው ዓመት ገና ጀማሪ ወደ ነበረው የማርኮኒ የሬዲዮ ኩባንያ ሲሻገር ነው፤ በ1930 አርሲኤ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኗል። አዲስ ሥራ ተላላኪውን ይዞት ያድጋል፤ ያደገ መሥሪያ ቤት ግን ተላላኪውን ይጠቀምበትና ይተካዋል።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ሲያድግ መልኩ ተለወጠ። የእንግሊዝ ቴሌግራም ዋጋ በወረደበት በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 1 ቀን 1885፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ልዩ የፈጣን ደብዳቤ አገልግሎት ጀመረ። ላኪው ተጨማሪ የ10 ሳንቲም ቴምብር ይለጥፋል፤ ደብዳቤው እንደደረሰ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ይዞት ይሮጣል፤ ከ10 ሳንቲሙ 8ቱ የልጁ ነው። ክፍያው ለሮጠበት እንጂ ለሰዓቱ ስላልሆነ ልጁ የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ አይባልም፤ ስለዚህ ከዚያ የሚያሸጋግረው መሰላልም አልነበረውም። የግል ኩባንያዎቹ ተላላኪዎች ደግሞ ሌላ አደጋ ነበረባቸው፤ በሌሊት የሚጠራቸው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ከመጠጥ ቤት፣ ከቁማር ቤትና ከሴተኛ አዳሪ ቤት ነበር። በ1904 የተቋቋመው ብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ፣ ሉዊስ ሃይን የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ ጭምር እያሰማራ፣ ይህን ለሕዝብ ገለጠ፤ ኒው ዮርክም በ1910 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተላላኪ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንዳይሠራ በሕግ ከለከለች።

በእንግሊዝ ወቀሳው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1905 የድሆችን ሕግ፣ ማለትም ለችግረኞች የሚሰጠው የመንግሥት ርዳታ የሚመራበትን ሕግ፣ እንዲመረምር የተቋቋመው የንጉሣዊ ኮሚሽን በ1909 ሪፖርቱን ሲያወጣ አባላቱ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ የልጆች ሥራ ለጎልማሳ ሥራ አጥነት ምንጭ መሆኑ ግን ሁለቱንም ወገን አሳስቧል። የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪዋ ቢያትሪስ ዌብ የነበረችበት የጥቂቶቹ ወገን ፖስታ ቤቱን በተለይ ለይቶ ወቅሷል። ወቀሳው ከባድ የነበረው፣ መንግሥት በአንድ እጁ ሥራ አጦችን እየረዳ በሌላው እጁ በየዓመቱ አዲስ ሥራ አጦችን ወደ መንገድ ይለቅቃል የሚል ስለነበር ነው። ዘመኑም ለዚህ ጆሮ የሰጠ ነበር፤ በ1909 የሥራ አገናኝ ቢሮዎች ሕግ ወጣ፣ በ1910 የትምህርት ባለሥልጣናት ለልጆች የሥራ ምርጫ ምክር እንዲሰጡ ተፈቀደ።

ፖስታ ቤቱ በ1910 የልጆችን ሥራ የሚመለከት ቋሚ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ በምሳሌያችን ብናስኬደው ለምን እንደሠራ ይገባናል። 20 ልጆች ለሁለት ዓመት ከማሠራት ይልቅ 12 ልጆች ቀጥሮ ለአራት ዓመት ማቆየት ቢቻል፣ በየዓመቱ የሚያልፉት 10 መሆናቸው ይቀርና 3 ይሆናሉ። በሌላ በኩል ከፖስተኛነት ሌላ ያሉ መደቦች ለእነርሱ ቢከፈቱ፣ የሚጠብቃቸው ቦታ ከ1 ወደ 3 ሊጠጋ ይችላል። እንግዲህ ከታች ማጥበብ፣ ከላይ ማስፋት፣ በመካከል ያለውን ጊዜ ማርዘም፤ የተደረገው ይኸው ነበር። በዚህ ላይ ልጆቹ በሥራ ዘመናቸው ትምህርት እንዲከታተሉ ተደረገ፤ ፈተናው የሚጠይቀውን ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ሳይዙ የተከፈተው ቦታ አይጠቅማቸውምና። በ1914 ከጀመረው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ፣ ያለ ጥፋቱ በ16 ዓመቱ የሚሰናበተው ልጅ ቁጥር በእጅጉ ቀንሶ ነበር።

ይህ መልካም ሥራ ነበር፤ ዋጋ ግን ነበረው። በምሳሌያችን 20 የነበሩት 12 ሲሆኑ ስምንቱ ልጆች ገና ከደጁ ተመለሱ። የተመለሱት ደግሞ አጥር ውጭ ስለሆኑ በማንም ስታቲስቲክስ ውስጥ "ከፖስታ ቤት የተባረሩ" ተብለው አይቆጠሩም። ችግሩ ከፊሉ ተፈታ፣ ከፊሉ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላ ቀጣሪ በር ተዛወረ። ስለ ልጆች ሥራ የሚጻፉ ሪፖርቶችን የሚያነብ ሰው ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ቢይዝ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ፦ ቁጥሩ የቀነሰው ልጆቹ የሚሄዱበት ስላገኙ ነው፣ ወይስ መጀመሪያውኑ ስላልገቡ?

ጦርነቱ ስሌቱን ሁሉ አናጋው። ፖስተኞቹ በብዛት ሲዘምቱ ቦታው ተከፈተ፤ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች በቀሩት ቦታዎች ገቡ፤ ቴሌግራም ያደሉ ልጃገረዶችም ነበሩ። ለተራ ወታደር ቤተሰብ መርዶው በደብዳቤ ሲመጣ፣ ለመኮንን ቤተሰብ ግን በቴሌግራም ይመጣ ስለነበር፣ የተላላኪውን ልጅ ብስክሌት በመንገዱ ጫፍ ሲያዩ ሰዎች ከመስኮት ይርቁ ነበር። ያ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ "መልስ አለ?" ማለት ነበረበት፤ ደንቡ ነውና።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ስልክ እየተስፋፋ ሲሄድ ቴሌግራም እየቀነሰ ሄደ፤ የልጆቹም ቁጥር አብሮ ቀነሰ። በ1933 በሊድስ ከተማ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች በሞተር ብስክሌት ማድረስ ጀመሩ። ቁጥራቸው ከፖስተኞቹ ጋር ሲተያይ አነስተኛ ስለሆነ፣ በ1890ዎቹ ሕልም የነበረው ነገር ተራ ነገር ሆነ፤ በ14 ወይም በ15 ዓመቱ በተላላኪነት የገባ ልጅ ዕድሜው ሲደርስ የፖስተኛ ቦርሳ ይቀበላል። በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ቴሌግራም አገልግሎት በ1982 ሲቋረጥ፣ በልጅነታቸው ከአግዳሚው ወንበር ተነሥተው በዚያው መሥሪያ ቤት አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ሰዎች ጡረታቸውን እየተቀበሉ ነበር።